የዱፊ መኪናና የአቶ አዱትዉም ጆሮ

የመኪና ኮፈን በተከፈተበት ሁሉ ከመካኒኩ ቀድሞ የሚደርስ ሰው አይጠፋም። የራሱ መኪና የለውም፤ መሪም ጨብጦ አያውቅ ይሆናል። በሽታውን ግን ያውቀዋል። በጋናዋ ኩማሲ ከተማ ልብስ ሰፊዋ ዱፊ ይህን ሰው ያገኘችው ከአጥሯ ማዶ ነው፤ ክቡር አቶ አዱትዉም፣ የቤተ ክርስቲያን መዘምራን አሰልጣኝ የነበሩ ጡረተኛ።

"ጆሮ አይዋሽም!" ይሉ ነበር፣ ሞተር በተነሳ ቁጥር ዓይናቸውን ጨፍነው።

የዱፊ መኪና በዕድሜ ታላቋ ነው። ሲፈልግ እንደ ቅቤ ይሄዳል፤ ሲያሰኘው ይንተፋተፋል። እናቷን እማማ አፍራኮማን በየሳምንቱ ለኩላሊት እጥበት የምትወስድበት መንገድ ደግሞ ዳገት አለው። አንድ ቀን እዚያ ዳገት ላይ ተንገጫግጮ ቆመ። ከኋላ የጭነት መኪና ይጮኻል። እማማ አፍራኮማ የእጥበቱ ቀጠሮ እንዳያልፍባቸው ሰዓታቸውን ደጋግመው ያያሉ።

መካኒኩ ንቲም ዘንድ፣ ስዋሜ ጋራዥ ስትወስደው ግን መኪናው በግ ይሆናል። "እህቴ፣ ምኑን ልሥራልሽ? ከእኔ ይሻላል እኮ!" ይላታል ንቲም።

አቶ አዱትዉም ግን ምርመራቸውን አላቋረጡም። "ቤንዚኑ ውሃ ገብቶበታል!" አሉ፤ የቤንዚን ታንኩ ተራግፎ ታጠበ። "ማጣሪያው ነው!" አሉ፤ ማጣሪያው ተቀየረ። በመጨረሻ፣ "አመል ነው፤ ቶሎ ቶሎ አትቆጪው" ብለው መከሩ። እማማ አፍራኮማ በረንዳቸው ላይ ሆነው በሳቅ ይፈርሳሉ።

ሌሊቱን ሲዘንብ ባደረበት ማለዳ መኪናው ክፉኛ ተንተፋተፈ። ዱፊ እያባበለች ወደ ስዋሜ ነዳችው። ክቡርነታቸው ሳይጋበዙ ፊት ወንበር ላይ ተሰይመዋል። እስኪደርሱ ፀሐይ ወጣ፣ ሞተሩም ተስተካከለ።

ንቲም ሞተሩ እየሠራ ኮፈኑን ከፍቶ ሳቀ። "ይኸው፣ ደግሞ ዳነ!"

"አልዳነም! ፀሐይ ሞቆት ደርቆ ነው!" አሉ አቶ አዱትዉም። በትንሽ ላስቲክ የታሸገ የመጠጥ ውሃ ከኪሳቸው አውጥተው ጫፉን በጥርሳቸው ቀደዱና ጎንበስ አሉ።

"ኧረ አባባ! ሞተር ላይ ውሃ!" ንቲም ሊይዛቸው ተወረወረ።

አልደረሰም። ውሃው ፊጭ ሲል ሞተሩ ተንዘፈዘፈ፣ ሳለ፣ ተንተፋተፈ። ንቲም እጁ አየር ላይ እንደተሰቀለ ቀረ።

"ቆይ... አባባ፣ እስቲ ይድገሙት። ትንሽ ብቻ።"

ደገሙት። ከካንዴላው ገመድ አንዲት ሰማያዊ ብልጭታ ጧ እያለች ወደ ብረቱ ዘለለች።

"አገኘሁሽ!" አለ ንቲም። "ገመዱ ተሰነጣጥቋል። እርጥበት ሲነካው እሳቱ ካንዴላው ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይጠፋል። ሲደርቅ ደግሞ ጨዋ ነው። እኔ ዘንድ ሁሌ ደርቆ ነው የሚመጣው!"

አቶ አዱትዉም እጃቸውን በመሐረብ ጠረጉ። "ከመጀመሪያው ውሃ ነው ብዬ አልነበር?"

ዱፊ በከንቱ የታጠበውን ታንክና አዲሱን ማጣሪያ ልትጠቅስ አፏን ከፈተች። ፊታቸውን ስታየው እንደ ሙሽራ ያበራል። "ብለዋል አጎቴ" አለች።

በእጥበቱ ቀን ዶፍ ዝናብ ወረደ። መኪናው በአዲስ ገመድ አንዴም ሳይንተፋተፍ ተነሳ። አቶ አዱትዉም ግን ጥላ ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል።

"አጎቴ፣ ድኗል እኮ። ለምን ይበሰብሳሉ?"

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። "እሱማ ድኗል" አሉ ቀስ ብለው። "እጥበቱ ረጅም ነው። አፍራኮማ ብቻዋን ጣሪያ ስታይ እንዳትውል ብዬ ነው።"

እማማ አፍራኮማ የኋላውን በር ከውስጥ ከፈቱ። "ግባ አንተ ሰውዬ! ዛሬስ ምን አገኘህበት?"

ገቡ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ዳገቱ አጋማሽ ላይ፣ "እህ... ከግራ በኩል አንድ ነገር ይንጫጫል" አሉ።

የሚንጫጫ ነገር አልነበረም። እማማ አፍራኮማ ሳቃቸውን ለቀቁት። ዱፊም እጇን ሰድዳ፣ ጆሯቸው በደንብ እንዲያዳምጥ የመኪናውን ሬዲዮ ዘጋችላቸው።