ከምሰሶው ወዲህ

ቤታችንን በበሬ ገመድ ለሁለት ከፈልነው። እኔና ዘርፌ ነን። ባልና ሚስት ነበርን።

ዛሬ ዛሬ ባልና ሚስት ሲለያዩ ቤት መክፈል የተማረ ሰው ሥራ ሆኗል። ጠበቃ ይቆማል፣ መሐንዲስ ሜትር ይዞ ይመጣል፣ ዳኛው ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ ይሰጣል፤ በመጨረሻም አንዱ ሳሎኑን፣ ሌላው ጓዳውን ይዞ በአንድ በር እየገቡ ይኮራረፋሉ። እናንተም እንዲህ ያለ ጎረቤት አይጠፋችሁም። ሰው ይስቅባቸዋል፤ እኔ አልስቅም። የነሱ ቤት ቢያንስ ማዕዘን አለው። የኛ ክብ ነበር።

ቤቱ ከመካነ ሰላም ወደ ከላላ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ምሰሶውን ከቆላ በትከሻዬ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ጭቃውን ያቦካችው፣ ግድግዳውን የመረገችው ዘርፌ ናት። ሽማግሎች ፊት ስቀርብ ግን ያወራሁት ስለ ምሰሶው ብቻ ነው።

በዚያ በክፉው ዘመን ዝናቡ ቀረና ከከብቶቻችን አንድ በሬ ብቻ ተረፈ፤ ዳማ እንለው ነበር። ሜዳው ላይ የሚቀመስ ሲጠፋ ከቤቱ ክዳን ሣር እየመዘዝኩ አበላው ጀመር። የሚያስቃችሁ ከሆነ ሳቁ፤ ያን ጊዜ ያላደረገው ሰው ጥቂት ነው። የቤት ክዳን ጭስ ጠጥቶ የጠቆረ ነው። በሬውን መጀመሪያ ያስነጥሰዋል፣ ኋላ ይለምደዋል።

ዘርፌ «ትንሽ ሥጋ ሳለው ከላላ ወስደን በእህል እንለውጠው» አለች። «ዝናብ ሲመጣ በምን ልረስ?» አልኳት። ይህንኑ ሦስት ሳምንት ተባባልን።

ልጅ ነበረችን። ሦስተኛው ሳምንት ሲያልቅ አልነበረችም። ስለሷ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ከወር በኋላ ሽማግሌ ተቀመጠልን። ዋናው አያ ይማም ነበሩ፤ ቁርአን የሚያቀሩ ጎረቤታችን ናቸው፤ የእስላሙንም የክርስቲያኑንም ጠብ ለማብረድ የሚጠሩት እሳቸው ነበሩ።

«ወላሂ፣ ይኼ ቀላል ነገር ነው» አሉ። «በሬ አንድ፣ ቤት አንድ። አንተ በሬውን ያዝ፣ እሷ ቤቱን ትያዝ። ተመራርቃችሁ ተለያዩ።»

«የአገሩ ወግ እኩል ነው፣ አያ ይማም» አልኩ። «ከሁለቱም ግማሽ ግማሽ።»

«አንተ ሰው፣ ክብ ቤት በምን ይከፈላል? ድፎ ዳቦ መሰለህ እንዴ?»

«በገመድ።»

ዘርፌ ጣልቃ ገባች። «ገመዱን አምጡለት» አለች። «በሬውንም ሙሉውን ይውሰድ። እኔ ከዚያ በሬ ድርሻ አልፈልግም።»

አያ ይማም መሬት መሬቱን እያዩ «አስተግፊሩላህ» አሉ። ያን ጊዜ ብነሳና ቤቱን ብተውላት ኖሮ ይህን ወግ አታነቡም ነበር። አልተነሳሁም። መብቴ ነበረ፤ ሰው መብቱን ይዞ ደግሞ እንዴት ይነሳል?

ከዳማ አንገት የተፈታው ገመድ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ፣ ምሰሶውን ታክኮ ተዘረጋ። ዕጣውን በደጅ የሚያልፍ መንገደኛ አወጣልን። ለዘርፌ በሩ ያለበት ወገን ደረሳት፤ ለእኔ ጋጣው። በር ስላልነበረኝ ግድግዳዬን በገዛ መጥረቢያዬ ጣስኩ። እሷ በገመዱ መስመር ላይ ጭራሮ ደርድራ፣ ከአፈሩ ከገለባው አቡክታ መረገችው። በምን ጉልበቷ እንደሆነ አላውቅም። በስንጥቁ በኩል ስትተነፍስ ይሰማኝ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ማንም ከልካይ አልነበረኝም። ክዳኑ የራሴ፣ በሬው የራሴ። በየቀኑ ከጣሪያዬ እየመዘዝኩ አበላሁት። የእሷን ወገን አንዲት ሰበዝ አልነካሁም፤ ሐቀኛ ሰው ነበርኩ። የኔ ወገን ወጋግራው ብቻ ሲቀር ዳማ ተኛ። አልተነሳም። ዝናቡ የመጣው በአሥራ አንደኛው ቀን ነው፤ የመጣውም በቀጥታ እኔ ላይ ነው።

እግሬ እንደመራኝ ወረኢሉ ሄድኩና ለሆዴ ብቻ ድንጋይ ተሸከምኩ። እዚያ እያለሁ ንጉሡ ወረዱ፣ መሬት ላራሹ ታወጀ። የገበሬ ማኅበር ለየአባወራው መሬት ሊደለድል ነው ሲባል ሰምቼ በሩጫ ተመለስኩ። ሰልፉ ከቤታችን ፊት ለፊት፣ መንገዱ ዳር ነበር፤ ዝርዝሩን የሚይዘው ጎልማሳ ቤቴን ጠየቀኝ።

«ያውና፣ ከምሰሶው ወዲህ ያለው» አልኩት።

ዞሮ አየ። ጋጣው ላይ ሣር በቅሎበታል።

«ምስክር አለህ?»

አያ ይማም ረሃቡን ተከትሎ በመጣው በሽታ ሞተዋል። ሌሎቹም ሽማግሎች የሉም። የነበረችው ዘርፌ ናት፤ በራሷ ስም ተመዝግባ ከሰልፉ ወጥታ ቆማለች። እንግዲህ ትክደኛለች ብዬ ጥርሴን ነከስኩ።

«እውነቱን ነው» አለች። «ገመዱ ሲዘረጋ ነበርኩ። ከምሰሶው ወዲህ ያለው የሱ ነው። እኔ ሰበዝ አልነካሁበትም። ይግባበት።»

ሕዝቡ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ሰውዬውም ቀና ብሎ በወጋግራዎቹ መካከል ሰማዩን አየና «ወንድም፣ ጣሪያ የሌለው ቤት አልመዘግብም» አለኝ።

ድርሻዬን አልካደችኝም፤ ሙሉውን ሰጠችኝ። ቢያንስ ብትክደኝ የምከሳት ነገር ይኖረኝ ነበር። በማግስቱ ወደ ወረኢሉ ተመለስኩ፤ እስከ ዛሬም የምኖረው በሰው ቤት፣ በኪራይ ነው።

ቤቱ ውስጥ የቀረችው ዘርፌ ናት።