ሊቀ አንሶላና የላይኛው መደርደሪያ

አንሶላ የሚያልቀው ሁልጊዜ መሃሉ ላይ ነው። ዳርዳሩ እንደ አዲስ ጠንክሮ ሳለ፣ መሃሉ ብቻ ሳስቶ ሳስቶ ብርሃን ያሳልፋል፤ ከዚያ አንድ ቀን የእግር ጥፍር ይገባበትና ትርትር ይላል። ይህ ነገር ነው ሊቀ አንሶላን ጡረታ በወጡ ማግስት እረፍት የነሳቸው።

ሰውዬው ጡረታ ወጥቶ ሥራው ግን «እኔ ካንተ አልወጣም» ያለው ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ሊቀ አንሶላ፣ ሰፈሩ ያወጣላቸው ማዕረግ ነው፣ ሠላሳ አንድ ዓመት የሆስፒታል ልብስ እጥበት ክፍል ኃላፊ ነበሩ። አሁን የቀረቻቸው ሠራተኛ ሚስታቸው ብቻ ናት።

«አየሽ፣» አሏት አንሶላውን መስኮቱ ላይ ዘርግተው፣ «ትከሻና ዳሌ የሚያርፉት እዚህ ነው። መሃሉ ብቻውን ይለፋል። ዳሩ ሥራ ፈትቶ ተንጠልጥሎ ደመወዝ ይበላል!»

«ታዲያ ምን ልታደርገው ነው? ልታባርረው?»

«አዛውረዋለሁ!»

አንሶላውን ከራስጌ እስከ ግርጌ መሃል ለመሃል ቀደዱት። ሁለቱን ዳሮች ገጥመው ሰፉና ጠንካራው መሃል ገባ፣ የሳሳው ወደ ጎን ሄደ። ሚስታቸው ሦስት ቀን ሙሉ «አልጋችን ላይ ድንበር አበጀህብን» ስትል ሰነበተች። በአራተኛው ስፌቱን ረሳችው።

ከዚያ ወዲህ ቤቱ በደንብና በሥርዓት ይተዳደራል። ታጥቦ የመጣ አንሶላ ከክምሩ ሥር ይገባል እንጂ ላይ አይቀመጥም፤ አለዚያ የላይኞቹ ሁለቱ ሲለፉ የሥሮቹ ተኝተው ይከርማሉ። የዚህ ሳምንት ራስጌ የሚቀጥለው ሳምንት ግርጌ ነው። ማጠቢያ ማሽኑም እስከ አፉ አይሞላም፤ የተጨናነቀ ልብስ ይፋተጋል እንጂ አይጠራም። በበረኪና ጉዳይማ ጎረቤትም አያመልጥም።

«ስንት ክዳን ጨመርሽ?» አሏት ገመድ ላይ የምታሰጣዋን ጎረቤታቸውን።

«ኧረ ጋሼ፣ ትንሽ ናት… አራት።»

«አራት! ቆሻሻውን ገድለሽ ጨርቁንም አብረሽ ቀበርሽው! አንድ ይበቃል። ከዚያ ሦስት ጊዜ አለቅልቂው፤ ነጩን ቢጫ የሚያደርገው ሳይወጣ የቀረ ሳሙና ነው።»

«እሺ ጋሼ። እትዬ፣ ግን እንዴት ቻሏቸው?»

«እኔንም በየሳምንቱ ራስጌና ግርጌ እያቀያየረኝ ነው፣ ልጄ!» አለች ሚስትየው ከበሩ ሆና።

ከአስተዳደራቸው ውጪ የነበረ አንድ ነገር ብቻ ነው። በቁም ሳጥኑ ላይኛው መደርደሪያ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ፣ ራስጌው ነጭ በነጭ የተጠለፈ አንሶላ። ሚስታቸው ስታገባ እናቷ በእጃቸው ጠልፈው የሰጧት ነው። ከሠርጉ ሳምንት በኋላ ተነጥፎ አያውቅም። ለእንግዳ ነው ትላለች፤ አርባ ዓመት ሙሉ ግን ለዚያ አንሶላ የሚመጥን እንግዳ አልመጣም።

«ቢያንስ ከላስቲኩ አውጪው፣ ጨርቅም ይተነፍሳል። ቢያንስ እጥፋቱን ቀይሪለት» ብለው ይለምኗታል።

«የእናቴን አንሶላ እንዳትነካ!»

ባለፈው ወር ታላቅ እህቷ ልትመጣ ነው ተባለና በመጨረሻ አወረደችው። ላስቲኩን ስትፈታ የታፈነ ሽታ ወጣ። እጥፋቱ ሁሉ የሻይ ቀለም ይዟል። ስትዘረጋው ደግሞ፣ ማንም ሳይጎትተው፣ በመሃለኛው እጥፋት ስንዝር ያህል ተሰነጠቀ።

አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለችና ንግግሩን ጠበቀች። ስለ ላስቲክ፣ ስለ እርጥበት፣ ስለ እጥፋት። አርባ ዓመት የተዘጋጁበት ንግግር ነው፤ ይባስ ብሎም ልክ ናቸው። ሊቀ አንሶላ መነጽራቸውን አጠለቁ፣ ስንጥቁን በጣታቸው ጫፍ ዳበሱ፣ ከዚያ የግርጌውን ጠርዝ መመርመር ያዙ። ለአንድ ፎጣ ግማሽ ሰዓት የሚያስተምሩ ሰው!

«ተናገር እንጂ» አለች እንባዋን እየዋጠች።

«እናትሽ ብልህ ነበሩ» አሉ። «የግርጌውን ጠርዝ እይው፣ ሁለት ጣት ሙሉ አጥፈው ነው የሰፉት። ትርፍ ክር አስቀምጠውልናል።»

የሱቅ ክር ነጭነቱም ውፍረቱም አይገጥምም። ከራሱ ከአንሶላው የተመዘዘ ክር ግን አብሮት ያረጀ ስለሆነ ጥገናው አይለይም። እህትየው በሌላ አንሶላ ተኝታ ሄደች። እሳቸው ያንን ለብ ባለ ውሃ ሁለት ቀን ዘፈዘፉት፣ ውሃውን እየቀያየሩ፤ ሳይጨምቁ፣ እንደ በሽተኛ በሁለት እጃቸው ከሥር ደግፈው አወጡትና ፎጣ ላይ አስተኝተው አደረቁት። ቢጫው ሙሉ በሙሉ አልለቀቀም፣ ግን ሳስቷል።

አሁን ሁለቱም መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል። እሷ ከጠርዙ ክር ትመዝዛለች፤ እሳቸው ከስንጥቁ ወዲያና ወዲህ ጤነኛውን ጨርቅ እየያዙ አንድ ከላይ አንድ ከሥር እያሳለፉ ይሸምኑታል። በቀን ግማሽ ጣት ያህል ይሄዳሉ።

«ሲያልቅ የት ነው የምናስቀምጠው?» አለች።

«የምናስቀምጠው?» መርፌያቸውን አቆሙ። «እንተኛበታለን እንጂ። እናትሽ ለመኝታ ነው የጠለፉት።»

እንዳይበጠስባት ትንፋሿን ይዛ አንድ ረጅም ክር መዘዘችና በመዳፋቸው ላይ አስቀመጠችላቸው። እሳቸውም ቀጠሉ። ስንዝሩ ሊሞላ ገና ሁለት ጣት ይቀረዋል።