ከልጄ ጋር ለፈተና የተቀመጥኩ ዕለት

ፈተና የሚፈራ ያላጠና ብቻ ነው እያለ የሚመክር አባት ካጋጠማችሁ አትስሙት፤ ተፈትኖ የማያውቅ ሰው ነው! ከየት አወቅህ አትሉኝም? ዕድሜ ልኬን ስመክር የኖርኩት እኔው ነኛ!

ልጄ ይታይሽ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ተቃረበባትና እህል አልወርድ አላት። እዚህ ንፋስ መውጫ ሚኒስትሪ ያለፈ ደብረ ታቦር ወርዶ ይማራል። የወደቀች ልጅ ግን... የይታይሽ አጎት ከስማዳ ባል አጭቶ፣ “ከወደቀች ሠርጉ በጥር ነው” ብሎ ይጠብቃል። እኔም “ካለፈች ትማር፣ ከወደቀች ታግባ” ብዬ ተስማምቻለሁ። ልጅቷ ይህን ስለምታውቅ ደብተር በያዘች ቁጥር እጇ ይንቀጠቀጣል። እኔ ደግሞ ተግሣጽ አላጣም።

“ያጠና ሰው ምን ያስፈራዋል? ብዪ፣ ተኚ፣ ተፈተኚ። በቃ!”

“አባባ፣ ለመሆኑ እርስዎ ተፈትነው ያውቃሉ?”

ወይ ጉድ! እኔ ፍርድ ቤት ደጃፍ ጠረጴዛ ዘርግቼ የባለጉዳይ ማመልከቻ የምጽፍ ሰው ነኝ። ንባብ ከቄስ ትምህርት ቤት፣ የቀረውን በውሰት መጽሐፍ ራሴን ያስተማርኩ ነኝ። ፈተና የሚባል በዓይኔ አላየሁም። ግን አባት ሆኖ “አላውቅም” ማለት እንዴት ይቻላል?

“በግል ተመዝግቤ ካንቺው ጋር እቀመጣለሁ። ያን ጊዜ ታዪኛለሽ!”

“ኸረ አንቱ፣ ልጅቷን ተዉአት ትፈተን!” አለች ባለቤቴ ከጓዳ። ማን ሰምቷት!

የፈተናው ጠዋት ቁርስ ቀረበ። እንጀራው ጉሮሮዬ ላይ ቆሞ አልወርድም፣ አልወጣም አለ። ስንት ጊዜ ወደ ጓሮ እንደተመላለስኩማ አልነግራችሁም። ይታይሽ ዓይኗን ወደ መሶቡ ሰብራ፣

“ይብሉ እንጂ አባባ፤ ያጠና ሰው ምን ያስፈራዋል?” አለችኝ።

ወደ ክፍሉ ስገባ ተማሪው ሁሉ ብድግ አለ። ፈታኙ መስዬው ነው! “ተቀመጡ፣ እኔም ተፈታኝ ነኝ” ስል የተነሣውን ሳቅ አትጠይቁኝ። ለሕፃን በተሠራ ዴስክ ውስጥ ጉልበቴን አጣጥፌ ከይታይሽ ኋላ ተሸጎጥኩ። የሒሳብ ወረቀቱ ተሰጠ። ገለጥኩት... ፊደሉ ሁሉ እንደተነካ ጉንዳን ይተራመሳል!

እንግዲህ እናንተዬ፣ እኔ በተማርኩበት ቄስ ትምህርት ቤት ንባብ ማለት ጩኸት ነው። ድምፁ የጠፋ ተማሪ እንቅልፍ ወስዶታል ተብሎ አለንጋ ያርፍበታል። ፈራን ማለት ድምፃችንን ከፍ አደረግን ማለት ነው። ያን ዕለት ፍርሃቱ ሲይዘኝ ወደዚያው መለሰኝ መሰለኝ፣ እየተወዛወዝኩ ጀመርኩ።

“አንድ ገበሬ ካመረተው ገብስ ሩቡን ቢሸጥ... ከቀሪው እኩሌታውን ለዘር ቢያስቀምጥ...”

“አባት!” አለ ፈታኙ፣ ከረባት ያሰረ ወጣት መምህር። “በልብዎ ያንብቡ!”

“እሺ ጌታዬ።”

በልቤ ጀመርኩ። ልቤ ግን ለካ አፍ አለው!

“መልሱ ሐ ነው! የሚቀጥለው... ለ!”

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ፈታኙ እየተንደረደረ መጥቶ አንዴ እኔን፣ አንዴ ይታይሽን አየ። በመልክ አንድ ነን።

“ልጅዎ ናት?”

“አዎን ጌታዬ።”

“መልስ እየነገሯት ነዋ! የሁለታችሁም ወረቀት ይሰረዛል!”

እኔስ ወደ ጠረጴዛዬ እመለሳለሁ። እሷ ግን በእኔ አፍ ምክንያት ስማዳ ልትወርድ ነው! “ጌታዬ...” ብዬ ልለምን ስነሣ ጉልበቴ ዴስኩ ውስጥ ተቀረቀረ። ያን ጊዜ ያቺ ስትንቀጠቀጥ የከረመች ልጅ ቀጥ ብላ ቆመች።

“መምህር፣ የእኔንና የአባባን ወረቀት ያስተያዩልኝ። እሳቸው ከጮሁት አንዱን ጽፌ ከተገኘሁ ይሰርዙኝ።”

ፈታኙ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ያዘ። የእሷን አየ፣ የእኔን አየ፣ እንደገና የእኔን አየ። ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ሲውጥ ከረባቱ ተንቀጠቀጠ።

“ተቀመጪ ልጄ፤ ቀጥዪ” አላት። ወደ እኔ ዞረና ጎንበስ ብሎ፣ “አባት፣ እርስዎም ይቀጥሉ። እሷን የሚጎዷት ነገር የለም። ድምፅዎን ግን አደራ... ሌሎቹን ያሳስቱብኛል!” አለኝ።

ስንወጣ እንዳኮረፍኩ ከፊት ከፊት እሄዳለሁ፤ እሷ ትስቃለች።

“እጅሽ መንቀጥቀጡን መቼ ተወ?” አልኳት።

“እርስዎ ‘ሐ’ ብለው ሲጮሁ ነዋ፣ አባባ። ስህተት መሆኑ ወዲያው ታየኝ። ለካ አውቀዋለሁ ብዬ ልቤ ተመለሰ።”

ውጤት መጣ። ይታይሽ አለፈች፤ ደብረ ታቦር ልትወርድ ስንቅ እየተሰናዳላት ነው። አጎቷም ለስማዳ ሰዎች የሚላቸውን ይፈልግ። እኔ ወደቅሁ፤ በሒሳብ ብቻ መሰላችሁ?

ስለዚህ አባቶች ሆይ፣ ልጃችሁ ፈተና ፈርታ ስትንቀጠቀጥ ብታዩ በምክር አታድክሟት። ጠጋ በሉና ጮክ ብላችሁ ተሳሳቱ!