ሁለት ዙር ዞሮ የሚቆም ብሎን

በሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ፣ ረመዳን ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ በከሚሴ አንድ ግቢ ውስጥ ለዓመታት የቆመች ባለሁለት መቀመጫ የስፖርት መኪና በራሷ ሞተር ወጥታ ወደ ደሴ በሚወስደው አስፋልት ላይ ሄደች። ቆሜ አይቻለሁ። ባጃጆቹ ዳር ይዘው አሳለፏት።

አሮጌ መኪና የሚያድስ ሰው የሚቸገረው በትልልቁ ዕቃ ይመስላችሁ ይሆናል። አይደለም። ሞተር ሲጠፋ መጥፋቱን ሁሉም ያምናል፤ ብሎን ሲጠፋ ግን እያንዳንዱ ሰው ቤቱ ውስጥ አንድ ቦታ ያለው ይመስለዋል።

የመኪናዋ ባለቤት ጓደኛዬ ሁሴን ነው፤ ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሹፌር። አርማዋ የወለቀ፣ ሠሪዋ የማይታወቅ መኪና ከአሰብ ጭኖ አምጥቶ ራሱ ፈታታት። ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር የሚያያይዙት ብሎኖች ከአንዱ በቀር ጠፉበት። ሚስቱ ፋጡማ ብዙ ታገሠች፤ በመጨረሻ ግን ቀን ቆረጠች። ረመዳን ሳይገባ በራሷ ካልወጣች የአሮጌ ብረት ነጋዴው ቆራርጦ ይወስዳታል፤ ተነጋግሬ ጨርሻለሁ አለች።

ከሰዓት በኋላ ጫት ይዘው ግቢው ጥላ ሥር የሚሰበሰቡት ጎረቤቶች ፈረዱ። ስፖርት መኪና ከሆነች የጣሊያን ናት፤ የጣሊያን ከሆነች ብሎኗ በሚሊ ነው። የተረፈውን ብሎን አሥራ ሦስት ቁጥር ቁልፍ ይይዘዋል፤ ትንሽ ላላ ይልበታል እንጂ። ከገበያ የተገዛው ብሎን ሁሉ ግን ሁለት ዙር ይዞርና ቀጥ ይላል። አንዱ ዘይት ቀባው አለ። ሌላው ቢስሚላህ ብለህ ጠበቅ አርገው አለ።

«ቢስሚላህ ብዬማ ነው የጀመርኩት» አለ ሁሴን። «ጥርሱን ከበላሁት አንተ ታበቅልልኛለህ?»

ፋጡማ በነጠላዋ ጫፍ የፍጥነት ቆጣሪውን መስታወት ጠረገችና ጎንበስ ብላ አየች። «ሁሴን፣ እዚህ ላይ ማይል የሚለው ምንድን ነው?»

ጉባኤው ማላመጡን አቆመ። ጣሊያን የሚቆጥረው በኪሎ ሜትር ነው። ስለዚህ መኪናዋ የእንግሊዝ ናት፤ ብሎኗም በኢንች። ሁሴን ጫቱን ምንጣፉ ላይ ትቶ ተነሣ።

ከዚያ ወዲያ የተረፈችውን ብሎን በኪሱ ይዞ ያየውን ማሽን ሁሉ እየፈታ የሚሞክር ሰው ሆነ። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ከሩቅ ሲያየው በሩን ይዘጋ ጀመር። በመጨረሻ ጨፋ ሮቢት፣ የከብት ገበያው አጠገብ፣ ሠንጋ የታሰረበት አንድ የቆመ የእንግሊዝ ትራክተር አገኘ። አንዱን ብሎን ፈትቶ የራሱን ሲያስገባ በጣት ብቻ እስከ መጨረሻው ገባ።

ባለትራክተሩ ኦቦ አሊ መጥቶ ቆመበት። «የሞተ ታክማለህ እንዴ?»

«አላክምም ኦቦ አሊ፤ ደም እየወሰድኩ ነው።»

«ሀ ተኡ፣ ይሁን ውሰድ። በሬዬ የታሰረበትን ብቻ እንዳትነካ።»

የቀረውን አይቻለሁ ብያችኋለሁ። ሁሴን መሪውን ይዞ፣ ፋጡማ ከጎኑ ተቀምጣ፣ ጫት ቃሚዎቹ ከኋላ እየሮጡ። መኪናዋ ስትወጣ ካምቢዮው ድምፅ እንኳን አላሰማም።

በኋላ ለወሬዬ ሙላት ብዬ የአሮጌ ብረት ነጋዴውን ፈልጌ አገኘሁት፤ መኪናዋ ስላመለጠችው ምን እንደሚል ልጠይቀው። ስለ መኪና ሽያጭ ከማንም ጋር አልተነጋገረም። ፋጡማን ግን ያውቃታል። ቀኑን ከመቁረጧ ብዙ ቀደም ብላ መጥታ፣ የእንግሊዝ ብሎን አለህ ወይ ብላ ጠይቃው ነበር።