የዶክተር ኃይለመስቀል «አይ፣ ይበቃኛል»

ዶክተር ኃይለመስቀል የመንግሥትን የምርምር ገንዘብ «አልፈልግም» ብለው መለሱ ተብሎ ተወራ። ወሬው በፈረንጅ አገር ካሉት የሐበሻ ሰፈሮች ከአንዱ፣ ከዌስት ፉትስክሬይ፣ ሲነሳ ይኸው ብቻ ነበር፤ ፍሌሚንግተን ፎቆቹ ላይ ሲወጣ «ተሳድበው ነው የመለሱት» ሆነ፤ ኮሊንግዉድ ሲገባ ደግሞ ሰውየው ነዳጅ ማደያ ገዝተው ምርምር ንቀዋል ተባለ።

ውሸት ነው። ማደያ ቀርቶ መኪና የላቸውም። ገንዘቡንም አልመለሱም፤ እስኪለመኑ እየጠበቁ ነበር።

ሆዱ እየጮኸ «አሁን በልቼ ነው የመጣሁት» የሚል ሰው የሌለበት የሐበሻ ሰፈር የለም። ክቡር ዶክተር ግን የሁሉም አለቃ ናቸው። አብራቸው የምትሠራ ታየች የምትባል ልጅ አንድ ቀን በዝናብ ሲሄዱ አግኝታቸው መኪናዋን አቆመች።

«ይግቡ እንጂ ጋሼ።»

«አይ፣ ተባረኪ፣ ዝናብ ደስ ይለኛል።»

እስከ ትራፊክ መብራቱ ድረስ በእርምጃቸው ልክ እየነዳች ለመነቻቸው። ከኋላ የተሰለፈው መኪና ሁሉ ክላክሱን ሲያስጮኸው «እንግዲህ ካስቸገርሽኝ» ብለው ገቡ፤ ጫማቸው ውስጥ ያለው ውኃ ዓሣ ያረባ ነበር። በሠርጋቸው ቀን ፓስተሩ «ታገባታለህ ወይ?» ሲሏቸው ሁለተኛ እስኪጠየቁ ጠበቁ የሚሉም አሉ። ይሄ ሐሜት ነው፤ ሚስታቸው እናኑ ግን አስተባብላ አታውቅም።

ሥራቸው ከሰል መቅበር ነው። ዓለምን ያሞቃል የሚባለው ካርቦን ከሰል ሆኖ አፈር ውስጥ ቢገባ ስንት ዘመን ተኝቶ ይቆያል፣ ነው ጥያቄያቸው። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ዘጠናዎቹ ሊያልቁ ሲሉ፣ መንግሥት የስደተኛ ልጆች ለሚበዙባቸው ዩኒቨርሲቲዎች ለዚህ ጥናት ፈንድ መድቦ ነበር። ይቀጥል አይቀጥል የምትወስን ጁዲት የምትባል ሴት ከመንግሥት ተልካ ቢሯቸው መጣች። ካልቀጠለ ከሰሉ ጠያቂ ሳይኖረው እንደተቀበረ ይቀራል፤ የታየችም ኮንትራት ያበቃል።

«ሻይ ልቅዳልሽ?» አሏት ዶክተሩ።

«አመሰግናለሁ፣ አልፈልግም።»

አላመኗትም። ተለምና ተለምና ሁለት ኩባያ ጠጣች። ከዚያ ማኅደሯን ከፍታ «ሥራችሁ ደስ ይላል። ለመቀጠል ተጨማሪ ገንዘብ ያስፈልጋችኋል?» አለች።

«አይ፣ ተባረኪ፣ ያለው ይበቃናል» አሉ ዶክተሩ።

በዚያው ቅጽበት በበሩ ያለፈ ተማሪ ይህቺን ብቻ ሰምቶ ወሬውን ይዞ በረረ።

ምኑ ነው የሚበቃው? ሚዛኑ ተሰብሯል፤ አፈር የሚደርቅበት ምድጃ የውሰት ነው። ጁዲት ግን «በጣም ጥሩ» ብላ ማኅደሯን ዘጋችና ተነሳች። በእሷ አገር እምቢ ማለት እምቢ ማለት ነው። ዶክተሩ ቀጣዩን ልመና እየጠበቁ ፈገግ ብለዋል፤ ፈገግታው ከጫፍ ከጫፉ መሟሸሽ ጀምሯል። አጠገባቸው የተቀመጠችው ታየች ደሟ ፈላ።

«ጁዲት፣ ሻዩን ስንቴ ነው አልፈልግም ያልሽው?»

«ሦስቴ መሰለኝ።»

«ጠጣሽ አልጠጣሽም?»

«ጠጣሁ።»

«እሳቸውን እኮ አንዴ ብቻ ነው የጠየቅሻቸው።»

ጁዲት ኩባያውን አየች፣ ዶክተሩን አየች፣ ተመልሳ ተቀመጠች። «እባክህ፣ ገንዘብ ልጨምርላችሁ?»

«ኧረ ለሌሎች ስጡት፣ እኛ ምን እናደርገዋለን» አሉ፤ ድምፃቸው ግን ነፍስ ዘርቷል።

ታየች ለጁዲት በጆሮዋ አንድ ቃል ሹክ አለቻት። ጁዲት ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ በአማርኛ፣ «ቤሞቴ» አለች።

«እንግዲህ ካስቸገርሽኝ» አሉ ክቡር ዶክተር። ከዚያ ማን ያስቁማቸው። ሚዛኑን፣ ምድጃውን፣ ለሦስት ዓመት የሚሆነውን የመስክ ወጪ እንደ ውዳሴ በቃላቸው ወረዱት። ከሁሉ አስቀድመው የጠሩት ግን የታየችን ደሞዝ ነበር፤ ያውም ከጭማሪ ጋር። ለራሳቸው ምንም አልጠየቁም። ታየች ልትቆጣቸው ያዘጋጀችውን ንግግር ሁሉ ተወችው።

ጁዲት እየሳቀች ሁሉንም ፈቀደች፤ ሦስተኛ ኩባያ ሳትለመን ጠጥታ ሄደች።

ታየች ኩባያዎቹን ስታጥብ ዶክተሩ መስኮቱ ጋ ቆመው የጁዲትን መኪና በዓይናቸው ሸኙ።

«እኔ እኮ ታየች» አሉ በረጅሙ ተንፍሰው፣ «በዚህ ዓለም የምጠላው ነገር ቢኖር ሰው ማስለመን ነው።»