ክቡር አንቀጽ እና የወንድሜ ጃኬት

በየሰፈሩ ሳይሾም ዳኛ የሆነ አንድ ሰው አይጠፋም። ውሃ ይጠፋል፣ መብራት ይጠፋል፣ እሱ አይጠፋም። የእኛ ሕንፃ ዳኛ መግቢያው ላይ ወንበር ዘርግተው ወጪ ገቢውን የሚቆጣጠሩት ጡረተኛው የአውቶብስ ትኬት ተቆጣጣሪ ናቸው። ፊት ለፊት ጋሼ እንላቸዋለን። ዞር ሲሉ ስማቸው ክቡር አንቀጽ ነው።

ክቡርነታቸው በሥራ ዘመናቸው ትኬት የጠፋባቸውን የገዛ ባለቤታቸውን ከአውቶብስ አስወርደዋል፣ ያውም በዝናብ። ይህን የሚያወሩት ራሳቸው ናቸው፣ በኩራት። አንድ ጊዜ ደግሞ ከሰዓት ውጭ ቆሻሻ ማውጣታቸው ትዝ ቢላቸው ጽዳት ቢሮ ሄደው ራሳቸውን ከሰሱ። ኃላፊው የሚያደርገው ጠፍቶት ሻይ አዘዘላቸው። ሻዩ ጉቦ ነው ብለው ሳይቀምሱ ወጡ።

ለማንኛውም ስሞታ መልሳቸው አንድ ነው፦ "ንጹሕ ሰው ምን ይፈራል?" ደረጃው ላይ ካሜራ ሲገጠም ያሉት ይህንኑ ነው። መታወቂያ በየመንገዱ ሲጠየቅም ይህንኑ ነው። ጥርሴን ልነቀል ነው፣ ፈራሁ ብላቸው ሌላ ነገር የሚሉኝ አይመስለኝም። የሐሺሽ ወሬ ከተነሳማ አያድርስ ነው። የያዘም ይታሰር፣ ያሸተተም ይታሰር ባይ ናቸው።

ታናሽ ወንድሜ ሴራሚክ አንጣፊ ነው። ቀኑን ተንበርክኮ ስለሚውል ጉልበቱ እንቅልፍ ይነሳዋል። አንዳንዴ ከሥራ ሲመለስ ሰገነት ላይ ወጥቶ ትንሽ ጋንጃ ያጨሳል። ለማንም አልሸጠም፣ ማንንም አላስቸገረም።

ታዲያ የሕንፃው የውሃ መሳቢያ ሞተር ተሰረቀና ፖሊሶች ቤት ለቤት ፍተሻ ገቡ። ፍተሻ ደግሞ ያለ ታዛቢ አይሆንም። ታዛቢ ሁኑ ሲባል ሰው ሁሉ በድንገት ያመዋል። ክቡር አንቀጽ ግን ኮታቸውን ቆልፈው ነበር የጠበቁት። የእኛ ቤት ተፈትሾ ሞተር ታጣ፤ ፖሊሶቹ ሊወጡ ሲሉ ታዛቢው አስቆሟቸው።

"በሩ ላይ የተሰቀለው ጃኬት አልታየም" አሉ። "ልጁን አውቀዋለሁ። ነገ ያልታየ ቦታ ነበር ተብሎ ስሙ እንዳይነሳ፣ ይታይለት።"

ሞተር፣ በጃኬት ኪስ! ታየለት። በወረቀት የተጠቀለለች፣ አውራ ጣት የማታክል ነገር ወጣች። ወንድሜ አንገቱን ደፋ። ክቡርነታቸው አፋቸውን ከፍተው ሲያዩት ቆዩና የታዛቢ ፊርማቸውን ፈረሙ።

ሁለት ዓመት ተፈረደበት። ዳኛዋ "ሕጉ እጄን አስሮኛል" አሉ፤ ካቴናው ግን ወንድሜ እጅ ላይ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ ደረጃ ላይ እየጠበቀ "ምስኪን፣ በዚህች ይታሰራል?" አለኝ፤ ሊጠይቀው የሄደ አንድም አልነበረም። እኔም ከክቡር አንቀጽ ጋር ሰላምታ አቆምኩ። ጠላኋቸው ብል ይቀላል። ክፉ ቢሆኑ ኖሮ መጥላቱ ይቀለኝ ነበር።

ቆይቶ ሕጉ ሊሻሻል ነው ተባለ፤ ለራሱ ጥቂት ይዞ የተገኘ ሰው በገንዘብ ይቀጣል እንጂ አይታሰርም። ለውይይት አዳራሽ ተጠራን። ክቡርነታቸው እጃቸውን ሲያወጡ ሊቃወሙ ነው ብዬ ለጠብ ተዘጋጀሁ።

"ገብተው ያሉትስ?" አሉ።

መድረክ ላይ የተቀመጠው ባለሙያ ረቂቁ የሚመለከተው ከእንግዲህ የሚያዙትን ነው፣ ሕግ ወደ ኋላ አያይም ብሎ አስረዳቸው። እሳቸው ደግሞ ለተቀጣው የሚጠቅም ከሆነ ማየት አለበት፣ የትናንቱ ኪስ ከነገው ኪስ በምን ይለያል ብለው ጠየቁ። ሰብሳቢው አመስግኖ ወደሚቀጥለው ተናጋሪ አለፈ። ሌላው ተናግሮ እስኪጨርስ ቆመው ቀሩ። ወንድሜም እዚያው እስር ቤት ቀረ።

በዚያው ሰሞን የሥራ ፈረቃዬ ተለወጠና ወንድሜን ልጠይቅ ሌላ ጊዜ በማልሄድበት ቀን ሄድኩ። ከዘመድ በቀር የማይገባበት በር ነው። ሰልፉ ላይ፣ ከፊቴ፣ የምግብ ሳህን በጨርቅ ቋጥረው የቆሙት ክቡር አንቀጽ ነበሩ።

"አባት፣ ዛሬም መጡ?" አለ ጠባቂው። "ምኑ ነበሩ?"

"አጎቱ።"

ሚስታቸውን በትኬት ያስወረዱት ሰው፣ ዩኒፎርም ለለበሰ ሰው፣ ዓይናቸውን ሳያሹ ዋሹ። ጠባቂው የእኔን መታወቂያ ተቀብሎ የአባታችሁ ስም አንድ ነው፣ ወንድሙ ነህ አለና ቀና ብሎ፣ እኚህ ሰውዬ ታዲያ አጎትህ ናቸው ወይ ሲል ጠየቀኝ። ክቡርነታቸው ዘወር ብለው አዩኝ። ይህን ሰው የማዋርድበትን ቀን ስንት ጊዜ ተመኝቼዋለሁ። አንድ ቃል ይበቃኝ ነበር። ሳህኑን የያዙበትን እጃቸውን አየሁ።

"አዎ" አልኩ። "የአባቴ ታናሽ ናቸው።"

ገባን። ጥቂት እንደተራመድን ክንዴን ይዘው አስቆሙኝ።

"እኔ መጀመሪያ ቀን ያስመዘገብኩት የእናትህ ወንድም ነኝ ብዬ ነው" አሉ በሹክሹክታ። "ተሳስተሃል። ተመልሼ ላስተካክለው።"

ይቅር አላልኳቸውም፤ ዛሬም ያቃጥለኛል። ግን ፊታቸውን ወደ ጠባቂው ሲያዞሩ ክንዳቸውን አጥብቄ ያዝኩ።

"ይግቡ፣ አጎቴ" አልኳቸው። "ምግቡ ይቀዘቅዝበታል።"