በአረፋ የታሸገው ጉባኤ

የ«ጎረቤት ለጎረቤት» በጎ አድራጎት ማኅበር ሥራ አመራር ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ማክሰኞ። ስብሰባው የተጠራው ለሰኞ ነበር፤ ሰኞ ዕለት ከጸሐፊው በቀር የመጣ ስላልነበረ ለማክሰኞ ተላልፏል።

ቦታ፦ የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት፣ ሁለተኛ ፎቅ። ክፍሉ አንድ በር፣ የብረት ፍርግርግ ያለው አንድ መስኮትና ከበሩ በላይ አንዲት ጠባብ የአየር ማስገቢያ አለው። ይህ ሁሉ ዝርዝር ለምን እንዳስፈለገ ወደ ታች ይታያል።

የተጀመረበት ሰዓት፦ ስምንት ሰዓት ተኩል። ጥሪው የስምንት ሰዓት ስለነበር በሰዓቱ ተጀምሯል።

የተገኙ አባላት፦
ሊቀመንበሩ፣ ጡረተኛ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር፤
ልብስ ሰፊዋ፣ የቤት ጉዳይ ኃላፊ፤
ኤሌክትሪሺያኑ፣ የኃይል ቁጠባ ኃላፊና የልብስ ሰፊዋ ታናሽ ወንድም (በዚህም ምክንያት የተቀመጡት በጠረጴዛው ሌላኛው ጫፍ ነው)፤
«ወጣቱ»፣ የወጣቶች ጉዳይ ኃላፊ፤ ኃላፊነቱን የተረከቡት ፀጉር በነበራቸው ዘመን ሲሆን ባለፈው ወር አያት ሆነዋል፤
ሲስተር፣ ነርስና የአዲስ መጪዎች ድጋፍ ኃላፊ፤
ጸሐፊው፣ እርሱ ባልተገኘበት ስብሰባ በሙሉ ድምፅ የተመረጠ።

ምልዓተ ጉባኤ፦ ሞልቷል።

ኮሪደር ላይ የሚጠብቁ፦ ከሌላ አገር የመጡ እናት (ከዚህ በኋላ «እንግዳዋ»)፣ ሁለት ልጆቻቸውና እናታቸው። ከመጡ ጀምሮ የሚያድሩት በማኅበሩ ዕቃ ቤት ውስጥ፣ በእርዳታ ከመጡት የተሰባበሩ ወንበሮች መካከል ነው።

የዕለቱ አጀንዳ፦
፩. ለእንግዳዋ የቤት ቁልፍ ስለማስረከብ
፪. የኃይል ቁጠባ ዘመቻ ሪፖርት
፫. የወጣቶች የጠረጴዛ ቴኒስ ጉዳይ
፬. ልዩ ልዩ

ስለ አጀንዳው ቅደም ተከተል

ሲስተር እጃቸውን አውጥተው፣ ከመንገዱ ማዶ ያለው ሕንፃ ባለቤት ሁለት ክፍል ቤት በርካሽ ሊያከራዩን ተስማምተው ቁልፉን እንደሰጡን፣ ነገር ግን እስከ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ሰው ካልገባበት ጎማ ለሚያከማች ነጋዴ እንደሚሰጡት መናገራቸውን አስታውሰዋል። ቁልፉ በሊቀመንበሩ እጅ ስለሆነ፣ እንግዳዋም በር ላይ ስላሉ፣ ሳይቃጠል በቅጠል አንደኛውን አጀንዳ ጨርሰን ወደ ሌላው እንድንሄድ ለምነዋል።

ሊቀመንበሩ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ በማለት፣ ቀላል ጥያቄ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ እንደሚሠራ ለብዙ ዓመታት ለተማሪዎቻቸው ሲያስተምሩ መኖራቸውን ገልጸዋል። ሲስተር ተማሪ እንዳልሆኑ ተናግረዋል። ሊቀመንበሩ እጅ ሳያወጡ መናገር ክልክል መሆኑን አሳስበዋል።

ከረጅም ውይይት በኋላ፣ አንደኛው አጀንዳ አራተኛ ሆኖ እንዲታይና ተራ ቁጥሩ ግን አንድ እንደሆነ እንዲቆይ ተወስኗል።

አጀንዳ ፪፦ የኃይል ቁጠባ

ኤሌክትሪሺያኑ ከማኅበሩ ቤቶች ብዙ ሙቀት በስንጥቅ እየሾለከ እንደሚጠፋ ካስረዱ በኋላ፣ በቆርቆሮ ታሽጎ የሚመጣ፣ ሲረጩት የሚያብጥና ሲደርቅ ድንጋይ የሚሆን አረፋ ለአባላቱ አሳይተዋል። ወሬ ብቻ እንዳይሆንም ከስብሰባው በፊት የመስኮቱን ዙሪያ፣ የመጨረሻው አባል ከገቡ በኋላ ደግሞ የበሩን ዙሪያ በዚሁ አረፋ መሙላታቸውን በኩራት አብሥረዋል። አባላቱ ክፍሉ ውስጥ አንድም ነፋስ እንደሌለ አረጋግጠው አጨብጭበዋል። ኤሌክትሪሺያኑ በጽሑፍ እንዲመሰገኑ ተወስኗል።

ከዚያ ሲስተር እንግዳዋን «ትንሽ ታገሡን» ሊሉ ተነሡ። በሩ አልተከፈተም።

ወጣቱ ጉልበት የወጣቶች ክፍል ሥራ መሆኑን በመግለጽ በሩን ጎትተዋል። እጀታው ተነቅሎ በእጃቸው ቀርቷል። ሊቀመንበሩ እጀታው ለንብረት ክፍል ገቢ እንዲሆን አዘዋል። ንብረት ክፍል ከበሩ ውጭ ስለሆነ ትእዛዙ አልተፈጸመም።

ኤሌክትሪሺያኑ ይህ የምርቱን ጥራት የሚያሳይ ነው ብለዋል። እህታቸው ልብስ ሰፊዋ «የእናቴ ልጅ ባትሆን ኖሮ» ብለው የጀመሩትን ንግግር ሊቀመንበሩ እንዳይመዘገብ አዘዋል። ጸሐፊው ግን የሰማው ስለሆነ ለሚጠይቀው ሰው በቃል ሊነግር ዝግጁ ነው።

ጥቂት ቆይቶ ክፍሉ እጅግ ስለሞቀ መጀመሪያ ኮታቸውን ያወለቁት፣ መጀመሪያም «ታፈንን እኮ!» ብለው የጮኹት ኤሌክትሪሺያኑ ናቸው። ልብስ ሰፊዋ ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል ብለዋል። ይህኛው እንዲመዘገብ ተፈቅዷል።

ለጥበቃው ስልክ ተደውሎ መጋዝ ይዘው እንዲመጡ ተነግሯቸዋል። ጥበቃው «መጣሁ» ብለዋል። ኮሚቴው «መጣሁ» ማለት ስንት ሰዓት እንደሆነ ተወያይቶ፣ ካለፈው ልምድ በመነሣት ገና ከቤታቸው አልወጡም ማለት እንደሆነ ተስማምቷል።

በመካከል የተነሣ ጉዳይ፦ ኮሪደሩ

ሲስተር ሰዓቱ እየሄደ ስለሆነ ቁልፉ አሁን ይሰጥ ብለዋል። ሊቀመንበሩ በደንቡ መሠረት ተረካቢው በስብሰባ አዳራሹ (ማለትም በዚህ ክፍል) ውስጥ፣ በኮሚቴው ፊት መቅረብ እንዳለበት፣ እንግዳዋ ደግሞ ከአዳራሹ ውጭ መሆናቸውን አስረድተዋል። እንግዳዋ በበሩ በኩል «ጋሼ፣ እኔማ ልገባ ነበር፤ እናንተ ናችሁ የዘጋችሁብኝ» ብለዋል። ሊቀመንበሩ ከውጭ የሚመጣ ድምፅ ቃለ ጉባኤ ውስጥ እንደማይገባ ገልጸዋል። ገብቷል።

ችግሩን ለመፍታት ወጣቱ ኮሪደሩ የአዳራሹ አካል እንዲባል ሐሳብ አቅርበዋል። ከረጅም ውይይት በኋላ፣ ኮሪደሩ ከዛሬ ጀምሮ አዳራሽ እንዲሆን፣ ደረጃው ግን ደረጃ እንደሆነ እንዲቀጥል ተወስኗል። በውሳኔው መሠረት ኮሪደር ላይ ያሉት አራት ሰዎች በስብሰባው እንደተገኙ ተቆጥረዋል።

የእንግዳዋ እናት መናገር ይፈቀድላቸው እንደሆነ ጠይቀው ሲፈቀድላቸው፣ «ልጆቼ፣ የእናንተ ቤት እንደው ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ሆነብኝ። ወገቤ አለቀ፤ ወንበር ቢኖር» ብለዋል። ኮሚቴው ወንበር በዕቃ ቤት ውስጥ መኖሩን፣ የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ግን ከኮሚቴው ጋር እዚሁ መታሸጉን በአዘኔታ አሳውቋቸዋል።

የእንግዳዋ ትልቋ ልጅ የወጣቶች ክፍል ምን እንደሚሠራ ጠይቃለች። ወጣቱ ዕቅድ እየተዘጋጀ ነው ብለዋል። ልጅቷ የእርሳቸው ዕድሜ ስንት እንደሆነ ጠይቃለች። ጥያቄው ከአጀንዳ ውጭ ነው ተብሎ ታልፏል።

አጀንዳ ፫ እና ፩ (ተደባልቀው)

ወጣቱ የጠረጴዛ ቴኒሱን ጉዳይ ሲያቀርቡ፣ ጠረጴዛው ቢኖርም የሚቀመጥበት ቦታ እንደሌለ፣ ከመንገዱ ማዶ ያለው ቤት ግን ልክ እንደሚሆን ተናግረዋል። ሲስተር «ሕፃናት መሬት ላይ እየተኙ ኳስ ልታነጥር?» ብለዋቸዋል። ወጣቱ የሚያነጥሩት እርሳቸው ሳይሆኑ ወጣቶቹ መሆናቸውን አስተካክለዋል። ሲስተር የትኞቹ ወጣቶች ብለው ጠይቀዋል። 

ሊቀመንበሩ ሥርዓት ለማስከበር ጠረጴዛውን መቱ። ደወላቸው ባለፈው ስብሰባ ስለተሰበረ የሚመቱት በእጃቸው ባለው የቤት ቁልፍ ነበር። በዚያ ዕለት ቤተሰቡን ከቤት የለየው ቁልፍ ጠረጴዛ ሲደበድብ መዋሉ ጸሐፊውን አናዶታል። ጸሐፊ መናደዱን መጻፍ እንደሌለበት ቀደም ሲል ማስጠንቀቂያ ደርሶታል።

ቤቱ ለእንግዳዋ ይሰጥ የሚለው ለድምፅ ቀረበ። ሲስተር እጃቸውን አወጡ። ልብስ ሰፊዋም አወጡ፤ ለቤቱ መጋረጃ ሳይቀር ሰፍተው ጨርሰዋል። ኤሌክትሪሺያኑም አወጡ። ልብስ ሰፊዋ የወንድማቸውን እጅ ሲያዩ የራሳቸውን አወረዱ። ኤሌክትሪሺያኑ «ለምን አወረድሽ?» ብለው እርሳቸውም አወረዱ። ያን ጊዜ ልብስ ሰፊዋ መልሰው አወጡ። ቆጠራው በተደጋጋሚ ተሞክሮ፣ የሁለቱ እጅ አንድ ላይ አየር ላይ የዋለበት ቅጽበት አልተገኘም።

ሊቀመንበሩ በእናትና አባታቸው ስም እንዲታረቁ ለምነዋቸዋል። እህትና ወንድም የተጣሉት በእናትና አባታቸው የልብስ ስፌት መኪና ምክንያት ስለሆነ ልመናው ነገሩን አባብሶታል። ኤሌክትሪሺያኑ ለመኪናዋ በነፃ ሞተር እንደገጠሙላት፣ ልብስ ሰፊዋ ደግሞ ከዚያ ወዲህ መኪናዋ ወደ ኋላ ብቻ እንደምትሰፋ ተናግረዋል።

በዚህ ጊዜ ልጅቷ ከኮሪደሩ መስኮት ሆና «እማዬ፣ እዚያ ቤት በር ላይ ጎማ የጫነ መኪና ቆመ» ስትል ተሰማች።  እንግዳዋ በዝግታ፣ «እባካችሁ፣ ልጆቼ ዛሬም እዚያ ዕቃ ቤት እንዳያድሩ» አሉ። ክፍሉ ውስጥ ያለነው ሁሉ እግራችንን አየን። ጸሐፊው እንደዚያ ያፈረበት ቀን የለም፤ ይህም ይጻፍልኝ ብሎ ራሱ ጽፎታል።

ሊቀመንበሩ ዝምታውን ለማስከበር ጠረጴዛውን መቱ። ሲስተር ተነሥተው፣ ሊቀመንበሩ እንደደከሙ፣ ሥርዓቱን ለጥቂት ጊዜ እርሳቸው ሊያስከብሩላቸው እንደሚፈልጉ በትሕትና ገለጹ። ሊቀመንበሩ አመስግነው ቁልፉን አቀበሏቸው። ሲስተር ጠረጴዛውን አንድ ጊዜ መቱ። ሁለተኛ ሳይመቱ ጫማቸውን አውልቀው ወንበር ላይ፣ ከወንበሩም በሩ አጠገብ ወዳለው የፋይል ሣጥን ራስ ወጡ። ከበሩ በላይ ያለችው የአየር ማስገቢያ አልታሸገችም ነበር፤ ኤሌክትሪሺያኑ እዚያ ለመድረስ መሰላል እንዲገዛላቸው ያቀረቡትን ጥያቄ ኮሚቴው ገና እያጠናው ነው።

ሲስተር «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» አሉ። ቀጥሎ ብረት ሲሚንቶ ላይ ሲወድቅ ተሰማ። ቁልፉ ከእጃቸው ሲወጣ ግን ያየ አባል የለም፤ ወጣቱ ጣሪያውን ያዩ ነበር፣ እህትና ወንድም ይጨቃጨቁ ነበር፣ ጸሐፊውም አንገቱን ደፍቶ ይጽፍ ነበር። ኮሪደሩ ላይ የልጆች ሩጫ፣ ቀጥሎም የአያታቸው «ቀስ በሉ፣ እኔም አለሁ» የሚል ድምፅ ተሰምቶ ጸጥ አለ።

ሊቀመንበሩ አራት ተሰብሳቢዎች ሳያስፈቅዱ መውጣታቸውን ተቃውመዋል። ተቃውሟቸውን ለማጠናከር ጠረጴዛውን ሊመቱ እጃቸውን ሲያነሡ መዳፋቸው ባዶ መሆኑን ተገነዘቡ።

ስለ መጨረሻው ውሳኔ

ጥበቃው መጋዛቸውን ይዘው የደረሱት ከመሸ ነው። በሩን ቆርጠው ሲያበቁ «እናንተ ሰዎች፣ ማን ነው እንዲህ ያደረጋችሁ?» ብለው ጠይቀዋል። ኤሌክትሪሺያኑ ለመመለስ ፈቃደኛ አልሆኑም።

ሊቀመንበሩ ረጂ ድርጅቶች ይህን ቃለ ጉባኤ ቢያነቡ ራሱን ማስወጣት ያቃተው ኮሚቴ ለማን ይተርፋል እንዳይሉ መስጋታቸውን ገልጸው፣ ዛሬ የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ እንዲቆጠር ሐሳብ አቅርበዋል። የአጀንዳው ቅደም ተከተል ተሽሯል። የኤሌክትሪሺያኑ ምስጋና ተሽሯል። ኮሪደሩ ወደ ኮሪደርነቱ ተመልሷል። ውሳኔው በሙሉ ድምፅ ያለፈ ሲሆን፣ ልብስ ሰፊዋና ወንድማቸው እጃቸውን እኩል አውጥተዋል፤ ሁለቱም ኋላ ተጸጽተዋል።

ሊቀመንበሩ ቀጥለው፣ ሁሉም ውሳኔ ስለተሻረ ቁልፉም እንዲመለስ አዘዋል። ሲስተር ቁልፉ የተሰጠበት ውሳኔ እንዲነበብ ጠይቀዋል። ጸሐፊው ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው አነበበ። ወጣቱ እንደገና እንዲነበብ ጠየቁ፤ እንደገና ተነበበ። ቁልፍ ይሰጥ የሚል ውሳኔ አልተገኘም። ሲስተር ያልተወሰነ ነገር እንዴት እንደሚሻር እንዲያስተምሯቸው ሊቀመንበሩን እጃቸውን አውጥተው ጠይቀዋል። ሊቀመንበሩ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያስተምሩት አጥተዋል።

ስብሰባው ከምሽቱ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ተበትኗል።

ጸሐፊው ወረቀቱን ሲሰበስብ ሊቀመንበሩ ከደረጃው ተመለሱ። በመስኮቱ ፍርግርግ በኩል ወደ ማዶው ሕንፃ ብዙ ጊዜ አዩ። እዚያ መብራት በርቶ ልጆች ከግድግዳ ግድግዳ ይሯሯጡ ነበር።

«ጻፍ» አሉኝ። «የቤት ቁልፍ ጠፍቷል ብለህ ጻፍ።»

ጻፍኩ። አፋላጊ ኮሚቴ ይቋቋም እንደሆነም ጠየቅኋቸው።

«አይቋቋምም» አሉ።